ተከላካይ በጩኸት አይጠነክርም

«በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ ኳስ? ምነው፣ የምትጽፉት አለቀባችሁ እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ይበል። እኛም መልስ አለን። ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለን የምንጮኸው እኛው ነን፤ እሑድ ጧት በሻይ ላይ የምንከራከረው እኛው ነን፤ ሰኞ ደግሞ ክፍል ውስጥ ከተጫዋቾቹ ጎን የምንቀመጠው እኛው ነን። በሳምንት ሦስት ቀን አፋችንን የሞላው ነገር አንድ ቀን ብዕራችንን ቢነካው ምን ነውር አለው? ነውሩ ሌላ ነው። ነውሩ አፋችን የሚናገረው ነገር ስሕተት መሆኑ፣ ስሕተቱም ሰው የሚጎዳ መሆኑ ነው።

የምንናገረው በዚህ በምንማርበት አገር ስለሚወደደው ስለ አሜሪካኖቹ የኮሌጅ ፉትቦል ነው፤ ኳሱ በእጅ ስለሚያዝበት፣ የራስ ቁር ስለሚደፋበት ጨዋታ። ለማያውቀው ባጭሩ እንንገረው። አጥቂው ወገን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። የተከላካዩ 11 ሰው ሥራ ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል፣ የተወረወረውን ኳስ ማጨናገፍ፣ መሬቱን አለማስነጠቅ ነው። ቡድን ሁሉ ባይሆንም ብዙ ቡድን ላይ ደግሞ አንድ የሚደንቅ ነገር ይታያል፦ በውድድሩ መባቻ እንደ ወንፊት ሲያፈስ የነበረ ተከላካይ በውድድሩ ማብቂያ እንደ ግንብ ቆሞ ይገኛል። እነዚያው ልጆች፣ እነዚያው አሠልጣኞች። ምን ተገኘ?

እዚህ ላይ ነው በመካከላችን ሦስት የተሳሳቱ አስተያየቶች የነገሡት።

አንደኛው ወገን «ወኔ ነው» ይላል። አሠልጣኙ በእረፍት ሰዓት በር በርግዶ፣ ወንበር ገልብጦ፣ ጮኾባቸው ደማቸው ስለፈላ ነው ባይ ነው። ሁለተኛው ወገን «ጀግና ተገኝቶ ነው» ይላል፤ አንድ ብርቱ ልጅ ይነሣና አሥሩን ተሸክሟቸው ይሄዳል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም አደገኛው፣ «ዱላ ነው» ይላል፤ በልምምድ ላይ እርስ በርሳቸው በደንብ ስላልተጋጩ ነው የለሰለሱት፣ ይጋጩና ይጠንክሩ ባይ ነው። ሦስቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ቡድኑ በተሸነፈ ማግሥት «እከሌ ይውጣ!» ማለት ነው።

እኛ ሦስቱንም እንቃወማለን። በባዶ ሜዳ እንዳንሟገት ግን አንድ ተጨባጭ ቡድን እንያዝ። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የ2014ን የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን እንመልከት። ከዚያ በፊት የነበረውን የውድድር ዘመን የደመደመው ተከላካዩ ተበጣጥሶ ነበር። ሚሺጋንን ያሸነፈው በጭንቅ 42 ለ41 ነው፤ ቀጥሎ በሚሺጋን ስቴት 34 ለ24፣ ከዚያም በክሌምሰን 40 ለ35 ተሸነፈ። በሦስት ጨዋታ 115 ነጥብ ገባበት ማለት ነው። ዋናው አሠልጣኝ አርበን ማየር ክሪስ አሽን ከአርካንሳስ አስመጡና ከነባሩ የተከላካይ አሠልጣኝ ከሉክ ፊከል ጋር አጣመሯቸው። አሽ የሜዳውን ጥልቅ ክፍል ለአራት ሰዎች የሚያከፋፍል አሰላለፍ ይዘው መጡ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ሕፃን ይገባዋል። በሜዳ ላይ ግን ተቀባዮቹ ሲተላለፉ ማን ማንን እንደሚከተል፣ ማን ለማን እንደሚያስረክብ፣ አራቱ ሰዎች ዐይን እስኪጠቀስ ባለ ጊዜ ውስጥ መስማማት አለባቸው።

ታዲያስ፣ ወዲያው ያዘላቸው? የት! ሴፕቴምበር 6 ቀን በገዛ ሜዳቸው በቨርጂኒያ ቴክ 35 ለ21 ተሸነፉ። ሴፕቴምበር 27 ሲንሲናቲን 50 ለ28 ቢያሸንፉም በረጃጅም ኳሶች ተቀደዱ። ከኖቬምበር 8 እስከ 29 ያደረጓቸውን አራት ጨዋታዎች ሁሉንም አሸነፉ፤ ነገር ግን 37፣ 24፣ 27 እና 28 ነጥብ ተቆጠረባቸው። በነዚህም መካከል፣ ኖቬምበር 22 ቀን፣ የኢንዲያናው ቴቪን ኮልማን ብቻውን 228 ያርድ ሮጠባቸው። ይህን የተመለከተ ሰው ምን ይል ነበር? «እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ምንም አልተማሩም» ይል ነበር። እኛም ብንሆን ያንኑ ባልን።

ዲሴምበር 6 ቀን ለቢግ ቴን ሻምፒዮና ከዊስኮንሲን ጋር ተገናኙ። ዊስኮንሲን ሜልቪን ጎርደን የሚባል ሯጭ ነበረው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት በኔብራስካ ላይ በአንድ ጨዋታ 408 ያርድ የሮጠ ሰው ነው። ያን ቀን 26 ጊዜ ኳስ ተሰጠው፤ ያገኘው 76 ያርድ ብቻ ነው። ውጤቱ 59 ለ0።

ከኮልማን 228 እስከ ጎርደን 76 ያለው ጊዜ 14 ቀን ነው። በ14 ቀን የማንም ጡንቻ አያድግም፤ የማንም እግር አይፈጥንም። ወኔ ነው የምትሉ ወገኖች፣ እስቲ ንገሩን፦ ወኔው የኢንዲያና ለት የት ሄዶ ነበር? ታሞ ተኝቶ ነበር? ጀግና ነው የምትሉስ? ትልቁ ጀግናቸው ጆዊ ቦሳ ኮልማን 228 ያርድ ሲሮጥም እዚያው ሜዳ ላይ ነበር። ቦሳ ብርቱ አልነበረም አንልም፤ ነበር እንጂ! ግን በዊስኮንሲኑ ጨዋታ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል የሆነውን አስታውሱ። ማይክል ቤኔት ጎርደንን ይዞ ኳሱን አስለቀቀው፤ ቦሳ ከመሬት አንሥቶ ነጥብ አስቆጠረ። በመዝገቡ ላይ ነጥቡ የቦሳ ነው፤ ሥራው የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ።

አጥቂው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ተከላካዩ ይገምታል። አጥቂው በራሱ ዕቅድ ይንቀሳቀሳል፤ ተከላካዩ በሌላ ሰው ዕቅድ ላይ ተመሥርቶ መንቀሳቀስ ግድ ይለዋል። በመስመሩ መካከል ያለ እያንዳንዱ ክፍተት ባለቤት አለው። ባለቤቱ «ጀግና ልሁን» ብሎ የጎረቤቱን ክፍተት ሊዘጋ ሲሮጥ፣ ሯጩ በተተወው በር ይነጉዳል። አሥሩ ልክ ሠርተው አንዱ ቢስት፣ ውጤቱ አሥራ አንዱም እንደሳቱ ነው የሚቆጠረው። የማጥቃት ሥራ አንድ ሰው ባወቀው ሊሳካ ይችላል፤ የመከላከል ሥራ ግን አንድ ሰው ባላወቀው ይፈርሳል።

አሥር ቀዳዳ ያለበት ቆርቆሮ ጣራ አስቡ። በየሳምንቱ አንድ ቀዳዳ እየደፈናችሁ ዘጠኝ ሳምንት ሠራችሁ። ዝናብ ሲመጣ ቤቱ ያው ያፈሳል፤ ጎረቤትም «ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ጣራ ላይ ወጥተው ምን ሲሠሩ ነበር?» ብሎ ይስቃል። አሥረኛውን በደፈናችሁ ማግሥት ግን ደረቅ አልጋ ላይ ታድራላችሁ፤ ያው ጎረቤት ደግሞ «ትናንትና ተአምር ተደረገ» ይላል። ተአምር አይደለም። የመጠን ለውጥ ተጠራቅሞ ወደ ዓይነት ለውጥ ይለወጣል የሚሉት ፈላስፎች ይህንኑ ነው የሚሉት፤ ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ደግሞ ከፈላስፎቹ በፊት ያውቁታል። ጥንስሱን በሁለተኛው ቀን ቀምሶ «ከሽፏል» ብሎ የሚደፋ ሰው ጠላ ጠጥቶ አያውቅም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተን ሰምተን ሰልችቶናል። ማንም ግን ድሩ እንዴት እንደሚያብር አልነገረን። ከዚህ የኳስ ነገር የምንማረው እሱን ነው። ቡድኑ ከጨዋታው በኋላ ቁጭ ብሎ የራሱን ፊልም ይመለከታል። የሳተው ልጅ ስሕተቱ በጓደኞቹ ፊት ይታያል፤ ፊልሙ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ «እዚህ ጋ እግርህ የት ነበር? ዐይንህ ማንን ያይ ነበር?» ይባላል። ሂስና ግለ ሂስ የምንለው ይህ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ሂሱ በእግር አቀማመጥ ላይ እንጂ በሰውየው ላይ አለመሆኑ ነው። ፊልም አይሰድብም። ፊልም ወሬ አያመላልስም። በሚቀጥለው ሳምንት ያ ልጅ እንደገና ተሰልፎ ያንኑ ነገር ይሞክራል። እንደገና ካልተሰለፈማ በምን ይማራል?

ዳሮን ሊን ተመልከቱ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳርተርባክ፣ ማለት አጥቂውን የሚመራ ልጅ ነበር። በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ በቋሚነት በተከላካይ መሥመር ተሰለፈ። ከቨርጂኒያ ቴክ ሽንፈት ማግሥት የኛ ዓይነቱን ምክር የሚሰማ አሠልጣኝ ቢኖር ኖሮ፣ «ልምድ የለውም፣ ይውጣ» ተብሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ይከርም ነበር። አልወጣም። ጃንዋሪ 1 ቀን 2015 አላባማን 42 ለ35 ባሸነፉበት የሹገር ቦውል ጨዋታ የተከላካዮች ኮከብ ተብሎ የተመረጠው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ ጓደኛችን እጁን ያወጣል። «ተጋጣሚው ደካማ ሆኖስ እንደሆነ? ቁጥር ያታልላል» ይላል። ይህ ከሦስቱ የተሻለ የሚከበር ጥያቄ ነው። እውነት ነው፣ ኬንት ስቴትን 66 ለ0 ማሸነፍ ስለ ተከላካይ ብዙ አይነግርም። በአንጻሩም ከቨርጂኒያ ቴክ 35 ነጥብ ውስጥ የመጨረሻው 7 የመጣው የኦሃዮ አጥቂ የወረወረው ኳስ ተነጥቆ ነው፤ ተከላካዩ በዚያ ጊዜ ሜዳ ላይ አልነበረም። ስለዚህ የውጤት ሰሌዳ አይቶ መፍረድ ለሙገሳም ለወቀሳም አይበጅም። አላባማም ቢሆን 35 ነጥብ አግብቶባቸዋል፤ የማሻሻል መንገድ ጠማማ ነው፣ ወደላይ ብቻ አይሄድም። ነገር ግን ዊስኮንሲን ደካማ አልነበረም። በዚያ ዓመት በአማካይ በጨዋታ ከ40 ነጥብ በላይ ሲያስቆጥር የነበረው ኦሬገንም ደካማ አልነበረም፤ ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 ለአገር አቀፉ ሻምፒዮና ሲጋጠሙ የኦሃዮ አጥቂዎች አራት ጊዜ ኳስ አስነጥቀው እንኳ ኦሬገን ያገኘው 20 ነጥብ ብቻ ነው። 42 ለ20 አለቀ።

የቀረን የዱላው ወገን ነው። ከዚህ ወገን ጋር ቀልድ የለንም።

የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ደንብ አንድ ተማሪ በውድድር ወቅት ለስፖርቱ የሚያውለውን ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን 4 ሰዓት ብሎ ወስኖታል። ይህች ሰዓት ወይ ለመጋጨት ወይ ለመማር ትውላለች። ለመጋጨት በዋለች ቁጥር ዋጋው የሚከፈለው በማን ጭንቅላት ነው? በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሞቱ በኋላ ለምርመራ የተሰጡ የ202 የፉትቦል ተጫዋቾችን አእምሮ መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። ከኮሌጅ በላይ ካልተጫወቱት 53 ሰዎች በ48ቱ ላይ ከተደጋጋሚ ምት ጋር የተያያዘው የአእምሮ በሽታ ምልክት ተገኝቷል። እርግጥ ነው፣ ብዙዎቹ አእምሮዎች የተሰጡት ቤተሰብ ችግር ስላየ ነው፤ ስለዚህ «ከመቶ ተጫዋች ይህን ያህሉ ይታመማል» ብለን ከዚህ ማስላት አንችልም። ግን 48 ሰው 48 ሰው ነው። እንደኛ ተማሪ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

«ታዲያ ሳይጋጩ እንዴት ይማራሉ?» ለሚል፣ መልሱ በተግባር ተሰጥቷል። የዳርትመዝ ኮሌጅ ቡድን በ2008 አሥር ጨዋታ ተጫውቶ አሥሩንም ተሸነፈ፤ በ2009 ሁለት ብቻ አሸነፈ። በ2010 በ2023 ያረፉት አሠልጣኝ በዲ ቲቨንስ በልምምድ ላይ ጓደኛን ይዞ መጣልን ጨርሰው ከለከሉ። «አበዱ» ሊባሉ ይችሉ ነበር። በዚያው ዓመት ቡድኑ ስድስት አሸንፎ አራት ተሸነፈ፤ በ2015 ደግሞ የአይቪ ሊግን ሻምፒዮንነት ከሌሎች ጋር ተጋራ። የኮሌጁ የምሕንድስና ተማሪዎች በሜዳው ላይ በራሱ የሚሮጥ፣ ተይዞ የሚጣል ማኒኪን ሠሩላቸው፤ ልጆቹ ጓደኛቸውን ሳይሰብሩ መያዝን ተማሩበት። በ2016 የስምንቱ የአይቪ ሊግ ኮሌጆች አሠልጣኞች በውድድር ወቅት ልምምድ ላይ ይዞ መጣል እንዲቀር በአንድ ድምፅ ተስማሙ። ክሪስ አሽም በኦሃዮ ያስተማሩት አያያዝ ከራግቢ የመጣ ነው፤ ጭንቅላትን ከመንገድ አውጥቶ በትከሻ መያዝ። በጭንቅላት መግጨት ጀግንነት መስሎ ለሚታየን ለኛ ይህ የሚያሳፍር ትምህርት ነው፦ ጥሩው አያያዝና ጤነኛው አያያዝ አንድ ሆነው ተገኙ።

ሌላውን ስንወቅስ ቆየን። አሁን ግለ ሂሳችንን እናውርድ።

ባለፈው ዓመት የኛው ኮሌጅ ቡድን በሜዳችን ሲጫወት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአናቱ ላይ ባለፈ ኳስ ነጥብ ተቆጠረበት። እኛ ከመቀመጫችን ተነሥተን «ይሄን ደንቆሮ አውጡልን!» ስንል ነበር። ሰኞ ስታቲስቲክስ ክፍል ገብቶ ከኛ ኋላ ተቀመጠ። ማንም ደህና አደርክ አላለውም። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ከኛ አንዱ ደፈረና «ያን ቀን ምን ሆነህ ነው?» አለው። ልጁ አልተቆጣም። ደብተሩን ገልጦ አራት ክብ ሣለ።

«ይሄኛው እኔ ነኝ» አለ። «ይሄ ሰውዬ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ከኋላዬ ያለው ልጅ ‹ልቀቀው፣ የኔ ነው፣ አንተ ወደ ኋላ› ብሎ ሊጮኽልኝ ነበር። ጮኾልኛልም። ፊልሙ ላይ አፉ ሲከፈት ይታያል።»

«ታዲያ ለምን አልሰማኸውም?»

«እናንተ ትጮኹ ነበራ» አለ።

ከዚያም በኋላ በድምፅ መነጋገሩን ትተው በእጅ ምልክት እንደሚግባቡ፣ ምልክቱንም ምሳ ላይ ሳይቀር እንደሚለማመዱት ነገረን። በውድድሩ ማብቂያ ያቺ ዓይነት ኳስ በሱ በኩል አላለፈችም። እኛም በቴሌቪዥን ፊት «ወይ ወኔ!» ስንል ነበር።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የምንጠይቀውም በመጀመሪያ ራሳችንን ነው። አንደኛ፣ በሽንፈት ማግሥት የሰው ስም እየጠሩ «ይውጣ» ማለት ይቅር። ዘጠኝ ቀዳዳ የደፈነን ልጅ በአሥረኛው መስቀል ፍርድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሜዳ ላይ ጭንቅላት ከጭንቅላት ሲጋጭ ማጨብጨብ ይቅር፤ ያ ድምፅ የጓደኛችን ነው። ሦስተኛ፣ ሂሳችን እንደ ፊልሙ ይሁን፤ ያቁም፣ ወደ ኋላ ይመልስ፣ እግሩ የት እንደነበረ ያሳይ፣ ከዚያም ሰውየውን መልሶ ያሰልፍ።

ይህ ሦስተኛው ለኳስ ብቻ አይደለም። በዚህች መጽሔት የንባብ ምሽት ላይ የመጀመሪያ ግጥሙን ይዞ የመጣ ልጅ ምን እንዳደረግነው የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ቤት አልመታም ብለን ሳቅንበት፤ የትኛው ስንኝ ላይ እንደወደቀ ግን ማንም አላሳየውም። ልጁ አልተመለሰም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ከሆነ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ግጥሙን ይዞ ይምጣ። ከዚህ በላይ በጻፍነው የማይስማማም ካለ ይጻፍ፤ የማባዣው ቀለም አላለቀም።